ሽቦው ገና አልደረቀም

ሰኞ ማታ

ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት መናገር ስለተከለከልኩ ነው። ጠዋት ሻለቃው ቢሮ ተጠራሁ። ሻለቃችንን ወታደሩ በሌሉበት «በአጭሩ» ይላቸዋል። ንግግር ሲጀምሩ «በአጭሩ» ይላሉ፤ ከዚያ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ዝንብ ይገባበታል፣ እሳቸው ግን ገና መግቢያው ላይ ናቸው። ዛሬም «በአጭሩ፣ መቶ አለቃ» ብለው ስለ መሐንዲስነት ክብር፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ሁለተኛ ልጃቸው የሒሳብ ውጤት ነገሩኝ። ትእዛዙ የመጣው ልወጣ ስል፣ በሩን ከያዝኩ በኋላ ነው። ድልድዩ ላይ ፈንጂ እተክላለሁ። ሠራዊታችን ከማዶ ጠቅልሎ ሲሻገር አፈርሰዋለሁ። ለማንም ትንፍሽ አልልም።

«ለምን እኔ፣ ጌታዬ?» አልኩ።

«ባለፈው ዓመት ታንክ እንዲችል ያጠናከርከው አንተ አይደለህም? የት ቢመታ እንደሚወድቅ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?»

ይህ ሙገሳ መሆኑ ነው።

እናቴ ማዶ ናት። ቤቷ ከወንዙ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ድልድዩ ሲወድቅ ያ ሰፈር የጦር ግንባር ይሆናል፤ የእኛ መድፎች ከአሁኑ አፋቸውን ወደዚያ አዙረዋል፣ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ ሥራዬ ሁለት ነው፤ ድልድዩን ማዘጋጀት፣ እናቴን ደግሞ ምንም ሳልነግራት ወዲህ ማሻገር። ቀላሉ የመጀመሪያው ነው። ወዲህ ያለን ዘመድ አክስቴ ብቻ ናት፣ እኔም የምኖረው እሷ ዘንድ ነው። እናቴና አክስቴ ደግሞ አያቴ በተወችው አንድ ቁምሳጥን ተኳርፈው፣ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። የቁምሳጥኑ አንድ በር እንኳ አይዘጋም።

ማክሰኞ

ተከላ ጀመርን። እኛ ከሥር ተንጠልጥለን ስንሠራ ከላይ ሰው ያልፋል፤ ጋሪ፣ ብስክሌት፣ ተማሪ። አንዲት ሴትዮ በብረቱ ክፍተት ቁልቁል አየችንና «ልጆቼ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» አለች።

«ጥገና ነው» አልኳት።

«እግዜር ይስጣችሁ! እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር።» መርቃን ሄደች። ምርቃቱ ቀኑን ሙሉ ከበደኝ።

ሃምሳ አለቃዬ ግዙፍ ሰው ነው፤ ፈንጂ ታቅፎ እንቅልፍ ይወስደዋል። በዚህ ዓለም የሚፈራው ዶሮ ብቻ ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዓይኗን በደንብ አይተውት ያውቃሉ ጌታዬ? የሆነ ነገር ታስባለች» አለኝ።

ረቡዕ፣ በችኮላ

ዝናብ። የፈንጂው ሽቦ ራሰ። እንዲደርቅ ብዬ ሁሉንም አስፈታሁ። ሃምሳ አለቃው «ላስቲክ የለበሰ ሽቦ እኮ ነው ጌታዬ፣ ውኃ አይገባውም» አለ። ጥንቃቄ አይጎዳም አልኩት። ለሻለቃው ሪፖርት አደረግኩ፦ ሽቦው ገና አልደረቀም።

ሐሙስ

እናቴ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው ጋር ተቀምጣ አገኘኋት። እግሩ ስለማያራምደው እሱ የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ አድርጎ ይሰፋል፣ እሷ የሰፈሩን ወሬ ታመጣለታለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ሱሪዬን የሚያሳጥረው እሱ ነው፤ አሁንም ሳያየኝ በፊት ሱሪዬን ነው የሚያየው።

ለብቻዋ ወደ ውስጥ አስገባኋትና «አክስቴን አሟታል» አልኳት።

«ምኗን?»

«ልቧን።»

«ልብ አላት እንዴ?»

«እማዬ፣ እባክሽን፣ አንቺን ካላየሁ እያለች ነው። ጥቂት ቀን መጥተሽ ብታስታምሚያት ምን ይመስልሻል? ደስ ካለሽ ብቻ። ዕቃሽን እኔ እሸከማለሁ።»

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ» አለችና ሻይ ልታፈላ ተነሳች። ሻዩን ጠጥቼ ተመለስኩ። ምኔ ላይ እንደነቃች አልገባኝም፤ በጣም በጨዋ ደንብ ነበር ያናገርኳት።

ዓርብ

ወሬ፦ በማዶ ከሚመጣው ጠላት ጋር አንድ መሐንዲስ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ መኝታ ክፍል የነበርን ልጅ ነው ይላሉ። የእኔን ማስመሪያ ወስዶ ያልመለሰው። እውነት ከሆነ እኔ ያፈረስኩትን ድልድይ የሚጠግነው እሱ ነው። ከዚያ እሱ ያፈርሳል፣ እኔ እጠግናለሁ። በዚህ አገር አያያዝ ሁለታችንም ሥራ አናጣም።

ሽቦውን ዛሬም ፈተሽኩ። ጤነኛ ነው። ጤነኛ መምሰሉ አሳሰበኝና እንደገና አስፈታሁት።

ቅዳሜ ማታ

ሌላ ዘዴ መጣልኝ። ኩርፊያውን ማለዘብ ያለብኝ ከወዲህ ነው። አክስቴ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ስትገባ ጠብቄ፣ «እማዬን አሟታል» አልኳት፤ «ሳንባዋን ነው።» ሐሳቤ ደንግጣ አንድ ደግ ቃል እንድትልክላት ነው። «ወዲህ ትምጣ፣ እኔ አስታምማታለሁ» ብትል ቃሉን ይዤ እሮጣለሁ።

አክስቴ ፊቷ አልተለወጠም። «የራሷ ጉዳይ» አለችና መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ያን የማይዘጋ ቁምሳጥን ስትከፍት ስትዘጋ ይሰማኛል። ሁለት እናቶች ቢኖሩኝ ኖሮ አንዷ ትሰማኝ ነበር።

እሑድ፣ በጣም በችኮላ

አክስቴ የለችም! ሻንጣዋም የለም። ጎረቤት ጠየቅኩ፤ ገና ጎህ ሲቀድ «እህቴ ልትሞትብኝ ነው» እያለች በድልድዩ ተሻግራለች።

አንድ ሰው ላመጣ ወጥቼ አንድ ሰው ጨመርኩ። በሙያዬ ይህን የሚያህል የስሌት ስህተት ሠርቼ አላውቅም።

ሰኞ ማታ

ማዶ ሄድኩ። ሁለቱም በረንዳው ላይ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ከእኔ የተሻለ ጤነኞች ናቸው። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ፣ ትያትር ሊያይ እንደገባ ሰው እጁን አጣጥፏል።

«በል ተቀመጥ» አለች እናቴ። ተቀመጥኩ።

«እሷን ልቧን ነው ያልከኝ።»

«እሷን ደግሞ ሳንባዋን» አለች አክስቴ።

«ጉበት ብቻ ነው የቀረው» አለ ልብስ ሰፊው።

«እማዬ፣ ደክሞሽ ይሆናል፣ ውኃ ልቅዳልሽ?» አልኩ።

«ይኸው!» ብላ እናቴ ወደ እህቷ ዞረች። «ይህ ልጅ ሲዋሽ ትሕትና ያበዛል። ትዝ ይልሻል? ያን ትልቁን ብርጭቆ የሰበረ ቀን ወንበር አምጥቶ ‹እማዬ፣ እግርሽን ልጠብሽ› አላለኝም?»

«ወይኔ! እኔም ነበርኩ እኮ!» ብላ አክስቴ ሳቀች። ዓመታት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሰዎች በእኔ ላይ አንድ ሆኑ። መታረቃቸው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ቦታው ግን ማዶ ሆነ።

እናቴ ሳቋን ቶሎ ዋጠች። «ድልድዩ ሥር ምንድነው የምትሠሩት?»

«ጥገና።»

«ጥገና?»

«አዎ፣ የኔ እመቤት።»

«‹የኔ እመቤት› አለኝ» አለች ቀስ ብላ። ልብስ ሰፊው እጁን ከእጁ አላቀቀ።

እኔ ምንም አልተናገርኩም። እዚህ ይጻፍልኝ፤ ስለ ፈንጂ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ስወጣ እናቴ እስከ በር ሸኘችኝና «መቼ ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እሺ» አለች።

ያን ጊዜ አልቻልኩም፤ እጇን ይዤ «እማዬ፣ አሁኑኑ አክስቴን ይዘሽ ከእኔ ጋር ተሻገሪ» ብዬ ለመንኳት።

«ጎረቤቶቼስ?»

«እማዬ፣ ለሰው መናገር አይቻልም።»

«አንድ ሰው ብቻ የሚያሻግር ድልድይ ነው ያጠናከርከው?» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። አክስቴን በመስኮት ጠራኋት። እህቴን ጥዬ የትም አልሄድም አለች። እህቴን!

እስከ ዛሬ ስለ ሌላው ሰው አላሰብኩም ነበር። ወይም አስቤ ትቼዋለሁ። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

ማክሰኞ

ሻለቃው ራሳቸው ድልድዩ ድረስ መጡ። «በአጭሩ፣ መቶ አለቃ፣ የባለቤቴ ብርድ ልብስ እንኳ በዚህ ዝናብ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ደርቋል። የአንተ ሽቦ ምን ዓይነት ነው?»

«ለጥንቃቄ ነው፣ ጌታዬ።»

ያን ጊዜ አንድ ባልና ሚስት ፍራሽ ተሸክመው ከማዶ መጡ። ከኋላቸው ሌላ ፍራሽ። ከዚያ ድስት የጫነ ጋሪ።

«ይህ ሁሉ ሰው ወዴት ነው?»

«ገበያ ይመስለኛል፣ ጌታዬ።»

«ገበያ ፍራሽ ይዞ ይኬዳል?»

«ደክሟቸው ይሆናል» አለ ሃምሳ አለቃዬ። ሻለቃው ሁለታችንንም ለረጅም ጊዜ አዩን። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሳይናገሩ ሄዱ። ይህ ከቁጣም ያስፈራል።

ረቡዕ

ፍራሽ፣ ፍራሽ፣ ፍራሽ። ወደ መንገደኞቹ ጠጋ ብዬ «ማን ነገራችሁ?» ስል «እናትህ» ይሉኛል፣ ፈገግ ብለው። አንዱማ «አይዞህ፣ አንተ ምንም እንዳልነገርካት ነግራናለች» አለኝ። የጦር ፍርድ ቤት ፊት ስቆም ይህን ሰውዬ ምስክር አድርጌ እጠራዋለሁ።

እናቴ የለችበትም። አክስቴም የለችም።

ሐሙስ፣ በችኮላ

የመድፍ ድምፅ ከማዶ ኮረብታ ጀርባ። ነገ ነው አሉ። ሽቦውን ገጠምኩ። የመጨረሻ ፍተሻ፤ ሁሉም ደህና ነው።

ዓርብ ማታ

ቁጭ ያልኩት አሁን ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ሠራዊታችን መሻገር ጀመረ። ሻለቃው ድልድዩ አፍ ላይ ቆመው ለሚያልፈው ሁሉ «ይህ ሽሽት አይደለም፣ ቦታ መቀየር ነው» ይላሉ። ሃምሳ አለቃዬ በጎኔ «አልሸሹም ዞር አሉ» አለ። በካሚዮኖቹ መካከል የእናቴ ሰፈር ይሻገራል። አንድ ሰውዬ የቤቱን በር ነቅሎ በጀርባው አዝሎ መጣ።

«በሩ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ቁልፉ አለኝ እኮ» አለኝ።

አክስቴም ተሻገረችና ወዲህ ዳር ቆማ ሰው ትደለድል ጀመር፤ አንተ እኔ ቤት፣ አንቺ ፀጉር ቤቱ፣ እናንተ ከጎረቤቴ ዘንድ። መኮንን ብትሆን ኖሮ ይህ ጦርነት ድሮ ባለቀ ነበር።

ከዚያ እናቴ መጣች። ዶሮዎቿን በቅርጫት ይዛ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ዘና ብላ። እግሯ ወዲህኛውን አፈር ሲረግጥ፣ አለቀ አልኩ፤ ከዚህ በኋላ የፈለገው ይምጣ። ይህን ማሰቤን አልደብቅም። ማዶ ገና ሰው እንደቀረ እያየሁ ነው ያሰብኩት።

እሷ ቅርጫቱን ሃምሳ አለቃዬ እቅፍ ላይ አስቀምጣ «ያዝልኝ፣ የኔ ልጅ» አለችው። ሰውዬው ባለበት ደረቀ። እሷ ዞራ ወደ ድልድዩ ተመለሰች።

«እማዬ! ወዴት ነው?»

«የቀረ ሰው አለ።»

«ትእዛዙ ሊመጣ ነው እኮ!»

«ይምጣ። እኔ ማዶ እያለሁ ያን ነገር እንደማትነካው አውቃለሁ። ለዚህ ነው መጨረሻ የምመጣው።»

ይህን ስለ ዝናብ የምታወራ ይመስል ረጋ ብላ ነው ያለችው። እኔ አንድ ሰው ላሻግር ስዋሽ ከርሜ፣ እሷ ራሷን መያዣ አድርጋ ሰፈሩን ሁሉ ታሻግራለች። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። እንዲያም ፈርቼ አላውቅም።

ሄደች፣ ሁለት አሮጊቶች ይዛ መጣች። ወዲህ ሳትረግጥ፣ ከድልድዩ መሐል ለአክስቴ አስረክባቸው ተመለሰች። ሕፃን ያዘለች ሴት ይዛ መጣች፣ ተመለሰች። የመጨረሻው ካሚዮናችን አለፈ። ከኮረብታው ላይ የጠመንጃ ተኩስ ይሰማ ጀመር፣ እየቀረበ። የሻለቃው ሬዲዮ ጮኸ፤ ከላይ ነው፤ አፍርሱ።

ሻለቃው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሽቦው ተበጥሷል፣ ጌታዬ» አልኩ። «በታላቅ አክብሮት አፋልጌ አገኘዋለሁ።»

ሽቦው ከጫማዬ ሥር እንደ ገመድ ተዘርግቶ ይታያል። ሻለቃው ሽቦውን አዩ። ቀና ብለው ድልድዩን አዩ። እናቴ መሐል ላይ ናት፤ የእጅ ጋሪ እየገፋች ነው። ጋሪው ላይ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ታቅፎ ተቀምጧል፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ መርፌው!» እያለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔና ሻለቃው ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ሬዲዮውን አነሱ።

«በአጭሩ፣ ጌታዬ» አሉ፤ ቀጠሉ። ስለ ዘንድሮው የዝናብ አጣጣል ተናገሩ። ስለ ሽቦ፣ ሽቦ ስለሚለብሰው ላስቲክ፣ በእሳቸው ወጣትነት ስለነበረው ላስቲክ ጥንካሬ ተናገሩ። ከላይ ያለው ድምፅ «ፈረሰ ወይስ አልፈረሰም?» እያለ ይጮኻል። «ወደዚያው እየመጣሁ ነው፣ ጌታዬ» ይሉና ወደ ጉልበታቸው ይገባሉ። ረጅም ንግግር ሰው ሲያድን ያየሁት ዛሬ ነው። ላቅፋቸው ፈለግኩ።

የጋሪው ጎማ ብረቱ መገጣጠሚያ ላይ ተያዘ። እናቴ ታገለች። ጥይት የድልድዩን ብረት መትቶ ጮኸ። መሮጤን ያወቅኩት ድልድዩ መሐል ራሴን ሳገኝ ነው። ጋሪውን ከፊት አንስቼ ጎተትኩ። እናቴ ከኋላ እየገፋች «ወገብህን!» ትለኛለች። የእኔ ወገብ!

ወዲህ ደረስን። እናቴ መጨረሻ ረገጠች። ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ዞራ ባዶውን ድልድይ አየች፣ ከድልድዩ ባሻገር የቤታችንን ጣሪያ አየች።

«ጨረስኩ» አለች። «ሥራህን ሥራ።»

ሰዉን ሁሉ አራቅን። እሷን ግን ማራቅ አልቻልኩም። ሽቦው ከገባበት ከማፈንጃው ሳጥን ፊት ተንበረከኩ፤ እጀታው ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጆሮዬን የምይዝበት ሦስተኛ እጅ የለኝም። እናቴ ከኋላዬ መጣችና በሁለት መዳፏ ጆሮዬን ግጥም አድርጋ ያዘችልኝ። መዳፏ ይሞቃል። እጀታውን ገፋሁት።

የእሷን ጆሮ ማን እንደያዘላት ያሰብኩት ማታ ነው።

ቅዳሜ

አክስቴ ቤት ሰው በሰው ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ፣ ደረጃው ላይ ፍራሽ፣ ያ ሰውዬ በሩን ግቢው ውስጥ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከሥሩ ተኝቷል። ቁምሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ተኝተዋል፤ በሩ ስለማይዘጋ አይታፈኑም። እናቴና አክስቴ ብርድ ልብሱን አንቺ ወሰድሽ፣ አንቺ ወሰድሽ እየተባባሉ ነው ያነጉት። ሃምሳ አለቃዬ ዶሮዎቹን አምጥቶ አስረክቦ፣ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ እየተራመደ ሄደ።

እናቴ ከትናንት ጀምሮ በደንብ አይሰማትም። ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ስለ ቤቱ ይቅርታ» አልኳት።

«እ?»

«ስለ ቤቱ ነው። ይቅርታ።»

«ጮክ በል፣ አይሰማኝም።»

«ይቅርታ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። አሮጊቶቹ ዞሩ፣ ሕፃን ያዘለችው ሴት ዞረች፣ ባለበሩ ሰውዬ ከተኛበት ቀና አለ። ሁሉም ቤቱን ማዶ ትቶ የመጣ ሰው ነው። እናቴ ልብሱን እያራገፈች መስጣቷን ቀጠለች። መጀመሪያ የተናገርኩትንም ሰምታው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰምተናል» አለኝ። «በል አሁን የዚህን ፍራሽ ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩለት።